ለአንድ ቤት ብቻ የተከፈተው ሰርቨር

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። በሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሕሙማን መረጃ የተቀመጠበትን ሰርቨር ይጠብቃል። ሥራውን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፤ ከሚስቱ ከአስካለማርያም አጠገብ ተቀምጦ እጇን እያየ ነው የተማረው። እሷ ካረፈች ስምንት ወሯ ነበር።

አንድ ቀን ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ማዶው ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ የተተከለው አዲስ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ ብሎ ነበር። ጉሙ ከውኃው ላይ አልተነሣም። ሰማዩና ሐይቁ አንድ ሆነው ጀልባዋ በአየር ላይ የምትሄድ ትመስላለች። ሰውየውም ከሚስቱ ቀብር ወዲህ እንዲሁ ነበር፤ ይሄዳል፣ እግሩ ግን መሬት የነካ አይመስለውም።

በጤና ጣቢያው አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ጀምሯት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ሐይቁን ተሻግራ ሆስፒታሉ ውስጥ ደሟን ተመርምራለች፤ ውጤቱ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። ደህና ከሆነ እዚሁ ትወልዳለች። ካልሆነ እያማጠች ጀልባ መሳፈር አለባት። ደውሎ መጠየቅም አይቻልም፤ የታማሚ ውጤት በስልክ አይነገርም።

ሰውየው ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። ኔትወርኩን ሞከረ፤ ይሠራል። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ጻፈ፤ ትክክል ነው። ሰርቨሩ ግን አላስገባም አለ።

«ጋሼ፣ እልኸኛው ማሽኑ ነው ወይስ እርስዎ?» አለች አዋላጇ ሲስተር ወይንሸት። «ጀልባው ሊሄድ ነው። ላሳፍራት?»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

ሆስፒታሉ ወዳለው ቢሮው ደወለ። ባልደረባው ሽብሩ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠ።

«ከውጭ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች አንብብልኝ።»

«የምን አድራሻዎች? አንዲት ቁጥር ናት ያለችው» አለና አነበበለት።

ቁጥሯን ያውቃታል። የቤቱ ኢንተርኔት ቁጥር ናት። አስካለማርያም ታማ በተኛችባቸው ወራት፣ ከአልጋዋ ሆና ለመሥራት በገዛ እጇ የጻፈቻት ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰርቨሩ ከውጭ ለእሷ ብቻ ተከፍቶ ኖሯል!

«ልሰርዛት?» አለ ሽብሩ።

ሰውየው ቁጥሯን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፋት።

«አንተ ሰው፣ አለህ?»

«አለሁ። እሷን እንዳትነካት። ከሥሯ የጤና ጣቢያውን ቁጥር ጨምር።»

ሽብሩ ጨመረ፤ ሰርቨሩንም አጥፍቶ አስነሣው። በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ገጹ ተከፈተ። ወይንሸት ጎንበስ ብላ ውጤቱን አነበበችና ወደ አግዳሚው ዞረች።

«ተነሺ እቴ፣ የምን ጀልባ! አልጋሽ ወዲህ ነው።»

ሰው የሞተባችሁ ወገኖቼ፣ አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ልባችሁ ይሠራል፤ ያስታውሳል፣ ይናፍቃል። ግን የሚያስገባው ማንን ነው? ጎረቤት ደጃችሁ ቆሞ «እንዴት ናችሁ?» ሲል፣ «ደህና ነን» ብላችሁ የሸኛችሁት ስንት ጊዜ ነው? ልጃችሁ ሁለቴ ሦስቴ ጠርቷችሁ ያልሰማችሁት ስንት ጊዜ ነው? ሰዉ የራቃችሁ መስሏችሁ ይሆናል። ማን ራቀ? ሰዉማ ይሞክራል፤ ደጋግሞ ይሞክራል።

እግዚአብሔር የምትወዱትን ሰው ስም ፋቁ አላላችሁም። እኔም አልላችሁም፤ እኔ ራሴ ያቺን ቁጥር መሰረዝ አልቻልኩምና። ይኑር፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይኑር። ከሥሩ ግን ጻፉ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ስም ጻፉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም። እራት ላይ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ፣ ቀና ብላችሁ እስክታዩት የሚጠብቀውን ሰው ስም።