ሽማግሌ ጎረምሳ የሚያደርገው መዝጋቢ

አንድ መዝጋቢ ነበረ፤ ጥንቃቄው ለጉድ ነው። የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ እንዳይሳሳት መታወቂያውን አውጥቶ ያያል። ሥራው ስልሳ ዓመት የሞላቸውን አረጋውያን በኮምፒዩተር መመዝገብ ነበር። የተመዘገበ ሰው ጤና ጣቢያ ያለ ወረፋ የሚታይበት ካርድ ያገኛል።

ታዲያ ከዚህ ሰው እጅ የወጣ ሽማግሌ ሁሉ ጎረምሳ ይሆን ጀመር። ስልሳ ሁለት ብሎ የገባው አምሳ ዘጠኝ ሆኖ ይወጣል። አንዱማ ከልጁ አንሶ ልጁን «ጋሼ» ሊል ምንም አልቀረውም። ጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ግን እያዛጋ ይጽፋል፣ መለስ ብሎ ሳያይ እንተር የሚሏትን ቁልፍ ይጫናል፣ ይሸኛል። የእሱ ሽማግሌዎች ሽማግሌ እንደሆኑ ቀሩ።

አለቃው መዝጋቢውን ጠራውና «እስከ ዓርብ ካልታረመ ወንበሩን ታስረክባለህ» አለው። በትክክል ነው የጻፍኩት ቢል ማን ያምነዋል? ማሽን አይዋሽም ተብሎ የለ። ስለዚህ የባሰ ይጠነቀቅ ጀመር። አንዴ የሚያየውን ሦስቴ አየ። ሽማግሌዎቹም የባሰ ጎረመሱ።

ዓርብ ጠዋት አንዲት አሮጊት ካርድ ተከልክለው ተመልሰው መጡ። ወንበር ስቦ ጎኑ አስቀመጣቸውና ዕድሜያቸውን ፊታቸው አርሞ የቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ጻፈ፤ ስልሳ አራት። እንደ ልማዱ ደግሞ ወደ ገጹ አናት ወጥቶ ስማቸውን አነበበ። ከዚያ ማውሱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ ወደ ማስቀመጫው ቁልፍ ወረደ።

«ቆይ አንተ ልጅ» አሉ አሮጊቷ። «ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ። ያቺ የምትንቀሳቀሰው ቀስት ሳጥኑ ላይ ስትደርስ ዕድሜዬ ወረደ።»

«አልነካሁትም እኮ እማማ።»

«መች ነካኸው አልኩህ? አልፈህ ስትሄድ ነው የወረደው።»

ሰውየው የሚያምነው አገኘና ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሮጊቷ ተነሥተው አለቃውን በእጀታው ጎትተው አመጡት። አለቃውም ጎማዋን ቢያሽከረክራት በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ ላይ አወረዳቸው።

«እዚህ ላይ አቁምና ባል ፈልግልኝ» አሉት።

መዝጋቢውም ወንበሩ ላይ ቀረ።

እንግዲህ አንተ የኮምፒዩተር ፎርም ሠሪው፣ «ሰው ቁጥሩን ሳልነካው ተለወጠ ሲለኝ ማንን ልመን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰውየውን እመን። በሬ ካልጠመዱት አያርስም። ሞፈር የተሸከመ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር እየተነሣ የሚያርስ በሬ ካለህ፣ ጥፋቱ የመንገደኛው አይደለም። የቁጥር ሳጥንህም እንደዚያ በሬ ነው። ሰው መጥቶ፣ ጠቅ አድርጎ እስኪጠምደው ድረስ ይተኛ። ጎማዋ ስትዞር ገጹ ይውረድ እንጂ ቁጥሩ አይውረድ። ያ ምስኪን ወንበሩን ሊያጣ የደረሰው ደጋግሞ ስላየ ነው፤ ደጋግሞ የሚያይ ሰው የሚቀጣበት ቤት አትሥራ።