ጂኒ የተባለችው ልጅ

አንድ ደረሳ «ጂኒ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚያስተምሩትን ሼህ ጠየቃቸው። ሰዉ ምንጭ ዳር ይኖራሉ የሚላቸውን ትንንሾቹንም ጂኒ ይላል፤ ብልጥ ልጅንም ጂኒ ይላል፤ የጠላውንም እንዲሁ። ሼሁ ይህን ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ዘምዘም የምትባል ሴት ልጅ ትታለት ሞታለች። ልጅቱ ደቃቃ ናት፤ ግን ውሃ ወረደች ሲባል እንስራዋን ሞልታ ደጅ ትደርሳለች። አባቷ ስለሚኮራባት «ይቺ ጂኒ» ይላታል። ሌላ ማቆላመጫ አያውቅም። ጎረቤቱም ከእሱ ሰምቶ እየሳቀ ጂኒ አላት።

አንድ ክረምት መንደሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ፤ ሕፃናት ተቀበሩ። ሐዘን የገባበት ሰው ምክንያት ይፈልጋልና ምንጭ ዳር ያሉት ተቆጥተው ነው ተባለ። ቀጥሎም፣ ሰው በማይደፍረው ቀትር ወደ ምንጩ የምትወርደው ማን ናት ተባለ። ስሙ ቀድሞ ወጥቶላታል። ሴቶቹ ከምንጩ መለሷት፤ ያጯት ሰዎችም ቀሩ።

ገበሬው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ ልጄ እንደ ልጆቻችሁ ሰው ናት ብሎ ተሟገተ። አንደኛው ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኛ ስም አላወጣንላትም። ከአንተው አፍ ነው የሰማነው» አለው።

በማግስቱ፣ ሴቶቹ ለውሃ በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ ገበሬው ልጁን አስከትሎ ወደ ምንጩ ወረደ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ዘምዘም፣ ውሃ አጠጪኝ» አላት። በስሟ ሲጠራት መስማት ለእሷም እንግዳ ነበር። በቅል ቀድታ ሰጠችው፤ እስኪያልቅ ጠጣ። ልጇን የቀበረች አንዲት ሴት ቆማ ስታየው ቆየች። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «ለእኔም ስጪኝ፣ ዘምዘም» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ውሃ የከለከላት የለም። እጮኛዋ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም ድረስ በስሟ የማይጠራት አለ።

ሼሁ ወደ ደረሳው ዞሩ።

«ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ምንጭ ዳር ያሉትን እኔ አላየኋቸውም፤ አላህ ያውቃቸዋል። ቃሉን ግን አይቼዋለሁ። ያው አንዱ ቃል በአባቷ አፍ ፍቅር ነበር፤ በሐዘንተኛው አፍ ክስ ሆነ። ትርጉሙን ከፈለግህ ማን፣ ለማን፣ በምን ቀን እንደተናገረው ተመልከት። ትናንት አንተም ያንን አጭሩን ጓደኛህን ጂኒ ስትለው ሰምቻለሁ። ሂድና በስሙ ጥራው።»