የዋስ መሳይ ቁልቁለት

ከገበያው ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ዛሬም «ዋስ መሳይ» ይባላል። በሌላ አገር ቁራኛ ሲሉ ከሰው ላይ አልላቀቅ ያለ በሽታ ወይም መከራ ማለታቸው ነው፤ የዚህ አገር ሰው ግን ቃሉን ለወዳጅ ያውለዋል፣ ለክፉ ወዳጅ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት፣ የቁልቁለቱ ስምም የቃሉ ፍችም የመጣው ቢተው የሚባል ገበሬ የገዢውን በቅሎ ሰርቀሃል ተብሎ፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ለዳኛ በተቀጠረ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ አቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ዋስም እንደዚያው ስለሚቋጠር ላይ ላዩን ከከሳሽ አይለይም፤ የሚለየው ሲቋጥር «ዋስህ ነኝ» ወይም «ከሳሽህ ነኝ» ብሎ በሚናገረው ቃል ብቻ ነበር ይባላል።

በቀጠሮው ማለዳ አብሮ አደጉ ጓንጉል ደጁ ቆመ። አገሩ ሁሉ ሲሸሸው ይህ ሰው በመምጣቱ የቢተው ሆድ ባባ። ቃሉን እስኪናገር እንኳ አልጠበቀም፤ የኩታውን ጫፍ በገዛ እጁ ዘረጋለት፣ ጓንጉልም ዝም ብሎ ቋጠረው።

ሚስቱ ስንዱ ከበር ሆና «ምን ብሎ ነው የቋጠረህ?» አለችው።

«ጓንጉል እኮ ነው፤ ምን ይበለኝ?»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቢተው ስንቁን አካፈለው፤ ቋጠሮው እንዳይጎትተውም እርምጃውን ለካለት። ሞኝ ነበር፣ ደግ ሞኝ። ለማንም ያልተነፈሰውን ነገር ሳይቀር አወጣለት፦ በቅሎዋ በጠፋችበት ቀን ሸፍቶ ዋሻ ለገባ ወንድሙ እህል ሊያደርስ ሄዶ ነበር፤ የት እንደዋለ ከተናገረ ግን ወንድሙ ይያዛል።

ጓንጉል «አይዞህ» አለው። በመንገዱ ሁሉ ከአፉ የወጣው ይኸው ነው ይባላል።

ዳኛው «ከሳሽ ማነው?» ሲሉ ጓንጉል ብድግ አለ፤ ቋጠሮውም ቢተውን ጎትቶ አብሮ አስነሣው።

«ስለ ገዢው የከሰስሁት እኔ ነኝ ጌታዬ። ያን ቀን የት እንደዋለ ይጠይቁልኝ።»

ቢተው ወንድሙን አሳልፎ አልሰጠም፤ ዝም አለ። አርባ ጅራፍ ተፈረደበት፤ ከጓንጉል ማሳ ጋር የሚዋሰነው የመስኖ መሬቱም ለከሳሹ ተሰጠ። ጅራፉ ገና አላረፈበትም፤ ያንገበገበው ያ «አይዞህ» ነበር።

ዳኛው ቋጠሮው ይፈታ ሲሉ ጓንጉል ጎንበስ አለ። ቢተው እጁን ገፋው።

«ተወው። የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ እኔው እፈታዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ዋስ መሳይን ሁለት ሆነው የሚወርዱ ሰዎች፣ ባልና ሚስት እንኳ ቢሆኑ፣ የኩታቸውን ጫፍ ሰብስበው በየብብታቸው ይይዛሉ።