ማንም የሌለበት ውሃ

አንድ አየልኝ የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። በትልቅ ከተማ ሰፊ ቤት ሠራና ሐይቅ ዳር ካለችው የትውልድ ከተማው እናቱን ወይዘሮ የሺመቤትን አመጣት። «አሮጌ ዕቃሽን ሁሉ ተይው፣ እኔ ዘንድ የሚጎድልሽ ነገር የለም» ስላላት አንድ ጥቅል ልብስ ብቻ ይዛ መጣች።

ሦስት ወር አለፈ። እናት ምግብ ሲቀርብላት ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ በሽታ አልተገኘባትም። «ምን ጎደለሽ፣ እማዬ?» ሲላት «ምን ይጎድለኛል ልጄ፣ ተመስገን» ትለዋለች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የግቢውን አጥር ስታይ ትውላለች።

አየልኝ ሐይቁ የናፈቃት መሰለው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስተክሎ ውሃ ሞላበትና ዓሣ ወደምታረባ ወይዘሮ ዝናሽ ወደምትባል ሴት ሄደ። የሴትዮዋ ገንዳ አሮጌ ነው፤ ድንጋዮቹ አረንጓዴ ለብሰዋል፤ በመካከላቸው ባለቀለም ትናንሽ ዓሦችና የጣት ጥፍር የሚያካክሉ፣ ሽሪምፕ የሚባሉ ባለብዙ እግር የውሃ ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ።

«ውሃው ከተሞላ ስንት ጊዜው ነው?» አለችው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የሞላሁት። የተጣራ፣ ንጹሕ ውሃ ነው።»

«እንግዲያው ከወር በኋላ ተመለስ።»

«ወር ሙሉ ባዶ ውሃ ላሳያት ነው? እናቴ እኮ እየከሳችብኝ ነው!» አለ። ሴትዮዋ ብትመክረውም አልሰማ አለ። በመጨረሻ «ግማሾቹን ውሰድ፤ ግማሾቹ ግን እኔ ዘንድ ይቆያሉ» ብላ ሸጠችለት።

ወይዘሮ የሺመቤት ዓሦቹን ስታይ ፊቷ ፈካ አለ። ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ገንዳው አዞረች። በሁለተኛው ቀን ሽሪምፖቹ አንድ በአንድ ገንዳው ወለል ላይ ተጋደሙ። በአራተኛው ቀን ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር አየር ሲሉ ቆይተው ሞቱ። እናት ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

አየልኝ በንዴት ስልኩን አነሣ። «የታመመ ዓሣ ነው እንዴ የሸጡልኝ?»

ወይዘሮ ዝናሽ በዚያው ቀን መጣች። በባልዲ ውስጥ ከራሷ ገንዳ ያወጣቻቸውን ድንጋዮችና ጭቃ የመሰለ እርጥብ ስፖንጅ ይዛለች።

«ይሄ ቆሻሻ ምን ሊሆን ነው?» አላት አየልኝ።

«ቆሻሻ ያልከው ነው የሚያኖራቸው። ዓሣ ከራሱ የሚወጣው ነገር መልሶ ይመርዘዋል። ያንን መርዝ የሚበላ፣ በዓይን የማይታይ ሕይወት በዚህ ስፖንጅና በእነዚህ ድንጋዮች ላይ አለ። ያንተ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ልጄ። ግን ማንም የለበትም።»

«ማንም የለበትም» አለች ወይዘሮ የሺመቤት ከወንበሯ ላይ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ።

አየልኝ ዞሮ አያት። ከዚያ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ፣ «እማዬ፣ የናፈቀሽ ሐይቁ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ሐይቁማ ምን ያደርግልኛል? ድንቅነሽ ናት እንጂ» አለች። ድንቅነሽ አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተጎራበተቻት ሴት ናት። «ጠዋት ስትነሣ ታስላለች። ሳልዋን ስሰማ ነጋ ብዬ እነሣለሁ። እዚህ ቀኑ ዝም ብሎ ነው የሚነጋው።»

አየልኝ በማግስቱ እናቱን ይዞ ወደ ሐይቋ ከተማ ወረደ። ሳምንት አብሯት ቆይቶ ይዟት ሲመለስ የእናቱን አሮጌ አግዳሚ ወንበር መኪናው ላይ ጭኖ ወይዘሮ ድንቅነሽንም ለምኖ አብሮ አመጣ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ዝምታ አይሆንላትም። በመጣች በሦስተኛው ቀን ጓደኛዋን እጇን ይዛ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳች። «እንግዶች ነን፤ ቤቶች! ማን አለ?» እያለች ገባች። አየልኝ ቤቱን ከሠራ ወዲህ ስማቸውን ያላወቃቸውን ሰዎች እሷ በሁለት ሳምንት ከነልጆቻቸው ስም አወቀቻቸው። ወይዘሮ የሺመቤትን የሰፈሩ ዕድር ውስጥ አስገብታት ወደ አገሯ ተመለሰች።

በዚህ መካከል ድንጋዮቹና ስፖንጁ አዲሱ ገንዳ ውስጥ ገብተው ከርመው ነበር። ወሩ ሲሞላ ወይዘሮ ዝናሽ የቀሩትን ዓሦችና ሽሪምፖች ከነውሃቸው በባልዲ አመጣቻቸው። ወዲያው አልገለበጠቻቸውም። በቀጭን ቱቦ የአዲሱን ገንዳ ውሃ እንዲለምዱት ጠብ፣ ጠብ እያደረገች ባልዲው ውስጥ አንጠባጠበችላቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ቱቦውን ተቀብላት ግማሽ ቀን ሙሉ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተም።

መስከረም ሲጠባ አየልኝ እናቱን ለጥየቃ ወደ ሐይቋ ከተማ ወሰዳት። በአምስተኛው ቀን «ልጄ፣ ነገ ወደ ቤታችን እንሂድ። የጎረቤታችን ልጅ ክርስትና አለባት፣ ይጠብቁኛል» አለችው። ቤታችን ስትል ሰምቶ ደስታውን መደበቅ አቃተው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣና ሐይቁ ከኋላ ሲሰወር ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ እንመለስ እንዴ?»

«አይ፣ ንዳ። ናፍቆቴን ግን ተውልኝ። እሱን አታስጥለኝ» አለችው።

የምንወደውን ሰው ወደ እኛ ስናመጣ ቤት እናሳምርለታለን፣ አልጋ እናነጥፍለታለን፤ አብሮት የኖረውን ግን አሮጌ ነው ብለን እናስጥለዋለን። ሰው የሚኖረው በሰው ነው፤ ሥርም በአንድ ጀምበር አይሰድም። ካመጣችኋቸው ሰዎች መካከል «ምን ይጎድለኛል» እያለ ዝም ያለ አለ? ማን እንደናፈቀውስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?