ዋሻው ያላሳለፈው ጨው

«አንድ የጨው ነጋዴ ነበረ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። ጡረታ እስኪወጡ ኔትወርክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጠያቂዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ውድነሽ ናት። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታሉ በዘረጋችው ታነል፣ መረጃን ሸፍኖ በሚያሳልፍ የኢንተርኔት መንገድ፣ ትንሹ መልእክት ይደርሳል፤ ትልቁ የራጅ ምስል መንገድ ላይ ይጠፋል። ኃላፊዋ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ብሎ ሊያሰናብታት ቀን ቆርጧል። «ጋሼ፣ ሌባው ማነው? መረጃ አቀባዩ ሮውተር ነው ወይስ መስመሩ?» ብላ ነበር የመጣችው።

የነጋዴው ጨው የሚያልፈው በአንድ የአለት ዋሻ ነበር። ዋሻው በቅሎ አያሳልፍም፤ ጭነቱ ከወዲህ ይራገፋል፣ መሐል ያለው ጎታች ተቀብሎ ለወዲያኞቹ ያቀብላል። ሃያ አሞሌ የሚይዘው ስልቻ በዋሻው ልክ የተሰፋ ነበር። ክረምት ሲገባ ነጋዴው ጨው እንዳይሟሟ እያንዳንዱን ስልቻ በቁርበት አስጠቀለለ። ብልህ ትእዛዝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮ የሚላከው ትንሹ የኮረሪማ ቋጠሮ ይደርሳል፣ ጨው አይደርስም።

ነጋዴው በቅሎ ለወጠ። ገመድ ለወጠ። በመጨረሻ ጭነቱን የሚያጓጉዘውን የሲራራ መሪ ጠርቶ «የበላኸው አንተ ነህ! እስከ ቅዳሜ ካላስረዳኸኝ ገበያ መሐል ሌባ እልሃለሁ» አለው።

«ጌታዬ፣ ያን ሁሉ ጨው በልቼ ቢሆን ወንዙን ጠጥቼ በጨረስኩት ነበር» አለ መሪው።

ሄዶ ከዋሻው አፍ ተቀመጠ። ባዶ ስልቻ በቁርበት ጠቅልሎ ላከ፤ አለፈ። ግማሽ ላከ፤ አለፈ። ከዚያ አንድ አንድ አሞሌ እየጨመረ ላከ። አሥራ ስምንቱ አለፈ፣ አሥራ ዘጠኙ ቀረ። ዳዴ እያለ ገባ። ጎታቹ የተቀረቀረውን ስልቻ በዋሻው ጎን ወዳለው ገደል ሲገፋ ደረሰበት።

«ምነው አልተናገርክ?»

«ገደል የወሰደውን ያወራ ሌላ ጥፋት ይጠራል ይባላል። ከእኔ በፊት ጎታች የነበረው አባቴም አልተናገረም።»

መሪው ከየስልቻው ሁለት ሁለት አሞሌ ቀነሰ፤ ቁርበቱ የወሰደው ቦታ ያን ያህል ነበር። ለጎታቹም ጥሩምባ ሰጥቶ «በተቀረቀረ ቁጥር ንፋ» አለው። ቅዳሜ መቶ ስልቻ ገባ፣ መቶ ወጣ። ነጋዴውም ሌባ ሊለው በዛተበት ገበያ መሐል የመሪውን በቅሎ ልጓም ይዞ እንደ አሽከር በእግሩ ሄደ።

ጋሽ ጥጋቡ ወደ ውድነሽ ዞሩ። «ስልቻው ያንቺ ምስል ተቆራርጦ የሚጫንበት እሽግ ነው፣ ልጄ። ቁርበቱ ታነሉ መረጃሽን የሚጠቀልልበት ሽፋን ነው። ዝምተኛው ጎታች ደግሞ ‹ይህ አያልፍም› የሚለው መልስ እንዳይመለስ የዘጋችሁበት ሮውተር ነው። ሌባ አትፈልጊ። ከትንሽ ጀምረሽ እየጨመርሽ ላኪ፤ የሚቀርበትን ልክ ስታውቂ የእሽጉን መጠን ቀንሺ። የጎታቹንም አፍ ክፈቺለት።»

ውድነሽ እዚያው ላፕቶፗን ከፈተች፣ ለካች፣ ቀነሰች፣ የተዘጋውንም የሮውተር መልስ ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ፤ የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል ነበር።

«ደረቱ ገባ! ከነጎድኑ!»

«በይ ለኃላፊሽ ደውዪ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። «ልጓም መያዝ ይለማመድ።»