የምርቃት ቻርጀር

በእኛ ሰፈር ገበያ አንድ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ «ምርቃቱስ?» እያለ ሻጩን ሲነዘንዝ፣ ከጎኑ የቆመ ሰው ክንዱን ነካ አድርጎ አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርግበታል። ነዝናዛውም ፈገግ ብሎ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። አባባሏን ልጅ አዋቂው ያውቃታል፤ ከጥንት ከአባቶች የወረደች የሚመስለውም ብዙ ነው። እሷ ግን የትናንት ልጅ ናት። የወጣችው ከአራጋው ቤት ነው፤ ስትወጣም እንደ አሁኑ አላሳቀችም።

አራጋው ደሴ ላይ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ጥለት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። እጁ የታሰረ ሰው አልነበረም። አንድ ጥቅል ክር የገዛ ደንበኛ መርፌ ሳይመርቅለት ከሱቁ አይወጣም። ታዲያ ለሰው የሚያደርገውን ለራሱም ይፈልጋል። ጤፍ ሲገዛ እፍኝ፣ ሥጋ ሲገዛ አጥንት፣ ጫማ ሲገዛ ማሰሪያ ካላስመረቀ የተዘረፈ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ከዕድርተኞች ጋር የሬሳ ሳጥን ሊገዛ ሄዶ «በል እንግዲህ ሚስማር ጨምርበት» ብሏል እያሉ የሚያሙትም ነበሩ። አለማለቱን እኔ አልምልለትም።

እናቱ የሞተችው በልጅነቱ ነው። ያሳደጉት ታላቅ እህቱ እትዬ የሻረግ ናቸው፤ ለሱ እናትም አባትም እሳቸው ነበሩ። የእትዬ የሻረግ ባል መምህር ወንድይራድ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ሲከፈት፣ በታይፕ የተመታ የሕይወት ታሪካቸው ተገኘ። እትዬ የሻረግ መነጽራቸውን አድርገው ሊያነቡት ቢቀመጡ ዓይናቸው እምቢ አለ። ሐኪሙም ግላኮማ መሆኑን ነገራቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም በመድኃኒት ቢቆይ ለጥቂት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የሚለዩት አውራ ጣት የሚያህል ፊደል፣ እሱንም ከኋላው ለስላሳ ብርሃን ሲኖረው ብቻ ነበር። የስልክ መስታወት እንዳይሆን እያንጸባረቀ እንባቸውን ያወርደዋል።

«እኔ ላንብብልዎት እንጂ እትዬ» ይላል አራጋው።

«አይሆንም!» ይላሉ። «ወንድይራድ አብረን ስንኖር ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለወረቀት ነግሮት ከሆነ፣ እኔው ከወረቀቱ እሰማዋለሁ። ባሌን በሰው አፍ አልሰማም።»

አራጋው ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ጽሑፉን በኮምፒውተር አስተየበውና ለእሳቸው ዓይን የሚሆን መሣሪያ ሲያጠያይቅ ሰነበተ። በመጨረሻ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዋ ሉባባ አንድ ቀጭን ሰሌዳ የሚመስል ነገር አወጣችለት።

«ይሄ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው ጋሽ አራጋው። አዲስ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ያገለገለ ነው። ግን ተፈትሾ፣ ባትሪው ተቀይሮ፣ ታድሶ ነው የመጣ። ብርሃኑ ዓይን አይወጋም፤ ፊደሉንም እንዳሻዎት ያሳድጉታል።»

አራጋው ዋጋውን አስቀነሰ፤ ሉባባም ለማን እንደሆነ ስለምታውቅ ብዙ አልተከራከረችም። የመምህሩን ጽሑፍ ጫነችበትና ከመደርደሪያው አንድ የታሸገ ቻርጀር አወረደች።

«ከዚህ ጋር ይሄን ይውሰዱ። ኦርጅናል ነው። መብራታችን እንደሚያውቁት ሄዶ ሲመጣ እንደ ደራሽ ውኃ ነው፤ ይሄኛው ይችለዋል።»

«ቻርጀሩማ ምርቃት ነው!» አለ አራጋው።

«ዋጋውን እኮ ቀነስኩልዎት።»

«መቀነስ ሌላ፣ ምርቃት ሌላ። እኔ ሱቅ መጥተሽ ያለ መርፌ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ሉባባ ሳቀች። ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ጎተተችና ከተጠላለፉ ገመዶች መሐል አንዱን መዝዛ አወጣች። «ምርቃት ካሉ ያለኝ ይሄ ነው። ፎርጅድ ነው። ለእጅ ባትሪ ይሆን እንደሁ እንጂ ለዚህ ዕቃ አልመክርዎትም።»

«ቻርጀር ቻርጀር ነው። መብራቱ እንደሆን የሚመጣው ከግድግዳው ነው።»

«ኋላ ሉባባ አልነገረችኝም እንዳይሉ።»

«አልልም፤ ተባረኪ!» ብሎ እንደ ድል አድራጊ ወጣ። የደህናው ቻርጀር ብር ኪሱ ውስጥ ነበር። አጥቶ ቢሆን ኖሮ ኋላ ያን ያህል ባልቆጨው።

እትዬ የሻረግ ማንበቢያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የመጀመሪያው ገጽ ሲበራላቸው፣ «ወንድይራድ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከመንገድ የገባ ሰው እንደሚቀበሉ ሁሉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። አንድ ገጽ ላይ ሦስትና አራት ቃል ብቻ ስለሚይዝላቸው ንባባቸው የኤሊ ጉዞ ነበር፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ባላቸው በልጅነታቸው የቄሱን በቅሎ ፈትተው የሸሹበት ላይ ሲደርሱ ብቻቸውን ሲስቁ አራጋው ከበር ቆሞ ሰማቸው። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልጠየቀም።

ቻርጀሩ ሲሰካ ይሞቅ ነበር። እትዬ የሻረግ አንድ ቀን ዳሰስ አድርገውት እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«ይሄ ነገር ያተኩሳል እንዴ አራጋው?»

«ይለምዳል እትዬ» አላቸው።

ውስጡ ግን አልተመቸውም። የሉባባ ሱቅ መንገዱ ላይ ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም ያልፈዋል። «ዛሬ ልግዛ» ይላል፤ ደግሞ እጁ ላይ የሚሠራ ቻርጀር እያለ ሌላ መግዛት ምርቃቱን ገደል መክተት ይመስለውና «ነገ» ይላል። እንዲህ ዛሬ ነገ ሲል ክረምት ገባ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት እትዬ የሻረግ ማንበቢያውን ዘረጉለት። ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፊት ቀልቶ ነበር።

«ወንድይራድ ከአባቴ ደጅ ደርሷል» አሉት። «ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በሩን ሊያንኳኳ ነው። የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳለ አሁን ልሰማው ነው። ግን ባትሪው አለቀብኝ፤ ቶሎ ሰካልኝ!»

ሰካላቸው። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የቤቱ አምፖል ቦግ አለና ተቃጠለ፤ ከጥግ በኩልም የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። አራጋው ሮጦ ገመዱን ነቀለው። ማንበቢያው ከጀርባው ቀልጦ ጎድጉዷል።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ እትዬ የሻረግ። አራጋው ማንበቢያውን ይዞ ወደ ሉባባ ሮጠ።

ሉባባ መሣሪያውን ከፍታ አየችው። «ቦርዱ ነዷል። አይሠራም» አለች። ቻርጀሩንም አየችው፤ አራጋውንም አየችው፤ ነግሬዎት አልነበረም ወይ ግን አላለችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሌላ ማንበቢያ እንድታስመጣለት ዋጋ ሳይጠይቅ ለመናት። አስመጪው ግን ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያለ ክረምቱን ጨረሰው። በመሐል አራጋው ጽሑፉን አውራ ጣት በሚያህል ፊደል ወረቀት ላይ አሳትሞ በመስኮት ብርሃን ቢዘረጋላቸው፣ እትዬ የሻረግ የወረቀቱን ነጭነት እንጂ ፊደሉን አላገኙትም። የዓይን ጠብታቸውን ያለማቋረጥ ያደርጉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ለመጥፋት እንደ አስመጪው አልዘገየም።

ማንበቢያው የደረሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አራጋው ከኦርጅናል ቻርጀር ጋር ገዝቶ፣ ሳይከራከር፣ እየሮጠ አመጣው። እትዬ የሻረግ ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ ወደ ጎን አዘነበሉት።

«ብርሃኑ ይታየኛል» አሉ። «ፊደሉ የታለ?»

አራጋው ፊደሉን እያሳደገ እያሳደገ ሄደ። አንድ ፊደል ብቻውን ሰሌዳውን እስኪሞላው አሳደገው።

«አሁንስ?»

«ጥላ ነው፤ ተወው ወንድሜ።» ማንበቢያውን መለሱለት። «በል እንግዲህ ከበሩ ላይ ጀምርልኝ» አሉት።

አራጋው አነበበ። «በሩን የከፈተችው እሷ ነበረች። ዝናብ ስለነበረ ጫማዬ ጭቃ ነው። እሷ ጫማዬን አየች እንጂ ቀና ብላ ፊቴን አላየችም። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ፣ አባቷ ምን እንደመለሱ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያቺ ልጅ አንዴ ቀና እንድትል ስለት ስሳል ነበር...» እዚህ ላይ እየተቻኮለ ማንበብ ጀመረ።

«ቀስ በል» አሉት። «እሱ ሲናገር አይቸኩልም ነበር።» አንብቦ ሲጨርስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቃሉ የሱ ነው። ድምፁ ግን ያንተ ሆነብኝ አራጋው።»

አራጋው እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ! በገዛ እጄ ነው!»

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ተነሥ» አሉት ራሱን እየዳበሱ። «ይቅርታ ዓይን አያበራም እንጂ፣ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አራጋው እህቱን ክንዳቸውን ይዞ ገበያ የሚያወጣቸው እሱ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ገዛላቸው። ሻጯ የዱሮ ጠባዩን ስለምታውቅ፣ ሳይጠይቃት አንድ ትልቅ ብርቱካን አንሥታ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረችለት። አራጋው ብርቱካኗን አወጣና ቀስ አድርጎ ከመደቡ ላይ መለሳት።

«ኧረ ጉድ! አራጋው ምርቃት መለሰ!» ብላ ሻጯ ጮኸች፤ አላፊ አግዳሚውም ቆመ። «ምን ሆነህ ነው? ታመሃል እንዴ?»

አራጋው አንገቱን ደፋ። እትዬ የሻረግ ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን መለሱ፤ የወንድማቸውን ክንድ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «አልታመመም ልጄ፤ በምርቃት የመጣ፣ ዋናውን ይዞ ወጣ።»