ጃርቷና የአንበሳ መቶ ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የጃርት ርስት» በሉኝ።

አንዲት ጃርት ከአያቷ በወረሰችው መስክ ላይ ከጥንቸልና ከቆቅ ጋር ተጎራብታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ቀበሮ መጣና፣ «አንበሳ እዚህ ለዘመዶቹ መቶ ቤት ያሠራል፤ እናንተም ተስማምታችኋል» አላቸው።

የጃርቷ ደም ፈላ። «ማን ጠየቀንና ነው የተስማማነው?»

«ዝም አላችሁ እኮ!»

በማግስቱ ከርከሮዎች የቤቶቹን መሠረት ሊቆፍሩ ሲመጡ ጃርቷ እሾዃን አቁማ መስኩ መሀል ተቀምጣ አገኟት። ጥንቸልና ቆቅም እየተንቀጠቀጡ አጠገቧ ተቀመጡ። ከርከሮዎቹ እሾኹን አይተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

አብሯቸው የመጣው ቀበሮ ተጨነቀ። «ተስማምተዋል ብዬ ለጌታዬ ነግሬዋለሁ እኮ!»

«እንግዲያው ሂድና መዋሸትህን ንገረው!» ብላ ጃርቷ ጮኸችበት።

ቀበሮ ሄደ። ጃርቷ ግን አንበሳ ራሱ ሊመጣ ይችላል ብላ፣ እሾዃን ሳታጥፍ እዚያው ቁጭ አለች።